ባንተአምላክና የማይረሳው ኪቦርድ

ባንተአምላክ ሰማው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚጀምረው ከውርደቱ ነው። ሌላው ሰው ከትምህርቱ ወይም ከዘር ማንዘሩ ይጀምራል፤ እሱ ግን «ሞጣ ላይ ምን እንደሆንኩ ሰምታችኋል?» ብሎ ነው ወንበር የሚስበው። የሰማም ቢኖር «አልሰማሁም» ይላል፤ ባንተአምላክ ራሱን ሲያማ መስማት የሚተው ነገር አይደለማ። ጠላት እንኳ ትንሽ ይምራል፤ እሱ ግን ራሱን አይምርም።

የቢቸና ልጅ ነው። በልጅነቱ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ገብቶ ጉባኤ ቃና ከመዝረፍ ሳያልፍ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞረ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨረሰ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ስድስት ወር የአማርኛ ታይፕ ተምሮ ተመለሰ። በ1985 ዓ.ም. እዚያው ቢቸና በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረ። ያን ጊዜ ታይፒስት ማለት ትንሽ ሰው አልነበረም። ኃላፊው ቢያስብም፣ ቢያዝም፣ ቢቆጣም ታይፒስቱ ካልመታው ነገሩ ከግድግዳው አያልፍም። ባንተአምላክ ደግሞ መምታት ብቻ አይገልጸውም። ጣቶቹን ሳያይ፣ አንገቱን ወደ ባለጉዳዩ አዙሮ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሮብ ገበያ ጤፍ እያወራ አንድ ገጽ ያለ ስርዝ ድልዝ ያወጣል። ባለጉዳዮች የመጡበትን ትተው እጁን ያያሉ። «አቤት እጅ!» ሲሉ ያልሰማ መስሎ ይቀጥላል። ሰምቷል። እንዲያውም አንገቱን የሚያዞረው ያችን ነገር ለመስማት ሲል ነው እንጂ አንገት ጠምዝዞ መሥራት ለማንም አይመችም።

ኮምፒውተር የመጣው በ1996 ነው። ከአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት በእርዳታ የተገኙ፣ ውጭ አገር አገልግለው የጠገቡ ሦስት ማሽኖች ነበሩ፤ ዊንዶውስ 98 ነበረባቸው፣ በላዩ የአማርኛ መጻፊያ ተጭኖባቸዋል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መንግስቴ ሠራተኛውን ሰብስበው «ከእንግዲህ ታይፑ መጋዘን ይገባል» ሲሉ ባንተአምላክ ከሁሉ ቀድሞ ደረቱን ነፍቶ ማሽን ፊት ተቀመጠ። ታይፕ ላይ እንዲያ የነበረ ሰው እዚህ ምን ሊሆን ነው? አንገቱን ወደ ሰዉ አዞረ፣ እንደ ልማዱ ጣቱን ሳያይ አንድ አንቀጽ አንደቀደቀው። «አቤት እጅ» የሚል ጠፋ። ዞር ብሎ ስክሪኑን ቢያየው ፊደሉ የአማርኛ፣ ቋንቋው ግን የየትም አገር ያልሆነ ነገር ተደርድሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታይፑ ላይ ፊደላቱ የተቀመጡበት ቦታ ሌላ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ። ኮምፒውተሩ ላይ «ለ»ን የሚፈልግ ሰው የእንግሊዝኛውን ኤል ፈልጎ መምታት አለበት፤ «መ»ን የሚፈልግ ኤምን። ታይፕ ነክተው የማያውቁት ሰዎች ይህ አልከበዳቸውም፤ ከዜሮ ተማሩት። ባንተአምላክ ግን ከዜሮ የሚጀምር ሰው አልነበረም። ጣቶቹ አሥራ አንድ ዓመት የለመዱትን በአንድ ቀን ተዉት ቢባሉ እምቢ አሉ። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ በሁለት ጣት ፊደል መልቀም ጀመረ። አጠገቡ የምትቀመጠው ፍሬ፣ ያን ዓመት የተቀጠረች ወጣት ታይፒስት፣ በወሩ በፍጥነት በለጠችው። አቶ መንግስቴ በበሩ ባለፉ ቁጥር «ባንተአምላክ፣ ጣትህን ምን ነካው?» ይላሉ። እሱም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነውና «ማሽኑ ዘገምተኛ ነው» ይላል።

ከሦስቱ ኪቦርዶች አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። እንደ ወፍጮ መጅ ይከብዳል፤ ከላይ በኩል ማንም የማያውቃቸው ተጨማሪ ቁልፎች አሉት። ሰው አይወደውም፤ አንዳንድ ቀን ከመሬት ተነሥቶ ፊደል ይቀያይራል ይባላል። አንድ ቀን ባንተአምላክ አንዲት «ለ» ብትጠፋበት በንዴት ከላይኞቹ ቁልፎች አንዷን መታት። ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ቀጥሎ ሁለት ቁልፎች ነካ። ከዚያ ወዲህ ኤል ሲመታ ኬ ይወጣል። ማሽኑን አጥፍቶ ቢያበራው ያው ነው። ኪቦርዱን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካውም ያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ተበላሸ» ብሎ ከታይፑ አጠገብ ይጥለው ነበር። ባንተአምላክ ግን ገባው። ይህ ኪቦርድ የነገሩትን በገዛ ሆዱ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ አያውቅበትም። ያችን ቁልፍ ተጭኖ፣ የሚፈልገውን ፊደል አሳይቶ፣ ቀጥሎ የሚቀመጥበትን ቦታ ቢያሳየው እስከ ዘላለሙ አይረሳውም።

ሦስት ወር ሙሉ ምሳውን እየተወ ፊደላቱን ከቦታ ቦታ አዘዋወረ። ጣቱ «ሰ»ን ታይፑ ላይ ወደነበረችበት ሲሄድ «ሰ» እንድትጠብቀው፣ «ተ»ም እንደዚሁ። ያን ሲጨርስ ጠገብ አለና ሌላ ነገር አገኘ፤ ኪቦርዱ አንድ ፊደል ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሐረግም ይይዝ ኖሯል። በአንዲት ቁልፍ ላይ «ጉዳዩ» የሚለውን ከነሁለት ነጥቡ፣ በሌላዋ ላይ ደግሞ «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን አስቀመጠ። አንዴ ነካ ማድረግ ነው፣ ሰላምታው በራሱ ይፈስሳል። በአራተኛው ወር አንገቱ እንደገና ወደ ባለጉዳዩ ዞረ፤ «አቤት እጅ!»ም ተመለሰች።

ሰው ቢጠይቀው «ይህ የጥንቱ፣ የትክክለኛው የታይፕ አቀማመጥ ነው» ይል ነበር፤ እንዴት እንዳደረገው ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። እዚህ ላይ ያች የሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተነሣችበት። ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ሰምቶ የራሱ አስመስሎ የሚቀኝ ይታፈርበታል፤ ሁሉም የራሱን ከራሱ ሆድ ማውጣት አለበት። ባንተአምላክ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ይዞ የቀረው ይህን ብቻ ነበር፤ እሱንም አላግባብ። የራሱን ኪቦርድ የራሱ ቅኔ አደረገው። ቁልፎቹ ላይ የታተሙት የእንግሊዝኛ ፊደላት እንዳሉ ናቸው፤ የታተመውና የሚወጣው ግን ዝምድና የላቸውም። ወረቀት ለጥፎበት ቢሆን ማንም ይሠራበት ነበር። አልለጠፈበትም።

በ1997 የአጎቱ ተዝካር ደርሶ ሦስት ቀን ሄደ። በሁለተኛው ቀን አስቸኳይ ደብዳቤ ተፈለገ። ሁለቱ ማሽኖች ተበላሽተው ስለነበር አቶ መንግስቴ ፍሬን የባንተአምላክ ማሽን ላይ አስቀመጧት። ብትመታ ብትመታ የሚወጣው ጉድ ነው። አንዷን ቁልፍ ስትነካ ደግሞ ገና ምንም ሳትጽፍ «ከሰላምታ ጋር» ይላል። አቶ መንግስቴ ቁጣቸው ቅርብ ነውና በባለጉዳይ ፊት «ደመወዝ የምትበይው ለምንድን ነው?» አሏት። ፍሬ አለቀሰች። ባንተአምላክ ሲመለስ ነገሩን ሰማ፤ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፣ አንገቱን አዞረ፣ ደብዳቤውን በአምስት ደቂቃ አወጣው። ፍሬ ሰዉ ሲበተን ቀረብ ብላ፣

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ ኪቦርዱን ምን አድርገውት ነው?» አለችው።

«ምንም። የእጅ ነገር ነው» አላት።

ሆዱ ቅቤ ጠጣ። እውነቱ ይህ ነው፤ አላዘነላትም፣ ደስ አለው። ወሬውን ሲያወራ ሁሉንም እየሳቀ ያወራና እዚህ ላይ ሲደርስ ብቻ አይስቅም።

ዓመታት ሄዱ። ዊንዶውስ 98 ሄዶ ኤክስፒ መጣ። ኤክስፒውን ቫይረስ ሲጫወትበት በ2001 የተመደበችው የኮምፒውተር ባለሙያ ዘሪቱ በአንዳንዶቹ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ የሚሉትን ነፃውን ሲስተም ጫነች። ዘሪቱ የወሎ ልጅ ናት፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ቁምነገረኛ ሴት። ባንተአምላክ ከባዱን ኪቦርድ ታቅፎ ከማሽን ማሽን መዞር ሆነ ሥራው። ችግሩ ግን ሲስተም በተለወጠ ቁጥር የአማርኛ መጻፊያውም አብሮ መለወጡ ነው፤ 98 ላይ ልክ የነበረችው «ጸ» ኤክስፒ ላይ ሌላ ትሆናለች፣ እሷን ለኤክስፒ ሲያቃና ሊኑክስ ላይ «ኘ» ትጠፋለች። እሱ ደግሞ ያገኘውን እዚያው ሸጎጥ ያደርጋል፤ ቦታ ካለቀ የታይፑ ቦታ ባይሆንም ግድ የለውም፣ ጣቱ ይለምደዋል። ሦስት ጎጆ እንደሚያስተዳድር አባወራ አንዱን ሲያስደስት ሁለቱ ያኮርፉታል።

ዘሪቱ አይታው አይታው አንድ ቀን፣

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ የትኛው ፊደል የት እንዲሆንልዎ እንደሚፈልጉ በወረቀት ቢሰጡኝ እኮ በየሲስተሙ እኔ አስተካክልልዎታለሁ። ከዚያ በማንኛውም ተራ ኪቦርድ መሥራት ይችላሉ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ለእኔ እጄ ይበቃኛል» አላት።

በ2002 መዋቅር ተጠና ተባለ። በአካባቢው ያሉ ታይፒስቶች ሁሉ ሞጣ ሄደው ተፈትነው በደቂቃ አርባ ቃል መምታት አለባቸው። የወደቀ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ዕድል ይሰጠዋል፤ እሱንም ከወደቀ መደቡን ለሌላ ለቆ ተላላኪ ይሆናል። ተላላኪ! አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ቆሞ ያየው እጅ ፋይል ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሊዞር። ባንተአምላክ ግን አልተጨነቀም። «አርባ? እኔ እያዛጋሁ ስልሳ እመታለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ይመታል፣ በዚያች ኪቦርድ። ስለዚህ ይዟት ሊሄድ ወሰነ።

ባለቤቱ ጥሩአየሁ ኪቦርዱን በነጠላዋ ስትጠቀልልለት «እኔን እንዲህ ተጠንቅቀህ ይዘኸኝ አታውቅም» አለችው። እሱም አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ኪቦርዷን ጭኑ ላይ አስተኛት። መንገዱ ሲያነጥር በሁለት እጁ ደገፍ ያደርጋታል። አጠገቡ የተቀመጡት ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ፤ መርጡለ ማርያም ለመሳለም የሚሄዱ። ደብረ ወርቅን እስኪያልፉ ሲያዩት ቆዩና፣

«ልጁ ድምፁም አልተሰማ፤ አሞታል ወይ?» አሉት።

ባንተአምላክ እውነቱን ቢናገር ይሻል ነበር። ግን ኪቦርድን ለመነኩሲት ማስረዳት ከየት ይጀመራል? «ተኝቷል እማሆይ» አለ። እሳቸውም በመቁጠሪያቸው ነጠላውን ዳበስ አድርገው «እግዜር ያሳድግልህ፤ አደራ ብርድ እንዳይመታው» ብለው ግንደወይን ወረዱ። ባንተአምላክ እስከ ሞጣ ድረስ ነጠላውን ሸፈን ሸፈን ሲያደርግ ነበር፤ ለምን እንደሚያደርገው ራሱም አያውቅ።

የፈተናው አዳራሽ በታይፒስት ተሞልቷል። ፍሬም አለች፤ ማለዳ ተፈትና ሃምሳ ሁለት ቃል መትታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፈታኙ አቶ አካለ ወልድ የሚባሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ጎልማሳ ናቸው። ባንተአምላክ ነጠላውን ሲፈታ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ኪቦርድ አለ እኮ፤ ምን ብለው ተሸክመው መጡ?»

«በእሷ ነው የምሠራው።»

ፈቀዱለት። አዲሶቹ ማሽኖች ጠፍጣፋ መሰኪያ እንጂ የእሷን ክብ መሰኪያ አይቀበሉም፤ ቴክኒሻኑ መጋዘን ገብቶ ማገናኛ እስኪያመጣ አዳራሹ ሙሉ እሱን ጠበቀ። ባንተአምላክ በዚህ ደስ አለው፤ ትልቅ ሰው ሲጠበቅ ያምራል። «ጀምሩ» ሲባል ለፈታኙ እንዲታይ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ የሞጣን አደባባይ እያየ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ አንጎደጎደው። የአዳራሹ ሰው ሲያጉረመርም የምስጋና መስሎት ፍጥነት ጨመረ።

ዞር ሲል ያው በ1996 ያየው ጉድ ስክሪኑን ሞልቶታል።

ምክንያቱን የሰማው ኋላ ነው። የፈተናው አዘጋጆች ደግ ሰዎች ኖረዋል። «የድሮ ታይፒስቶች እንዳይቸገሩ» ብለው ማሽኖቹን በድሮው በታይፑ አቀማመጥ አስተካክለዋቸው ነበር። ኮምፒውተሩ ፊደላቱን አንዴ ወደ ታይፑ ቦታ አዛውሯል፤ የባንተአምላክ ኪቦርድ ደግሞ በገዛ ሆዱ እንደገና ያዛውራቸዋል። አንዱ አስተርጓሚ የተረጎመውን ሌላው ሲተረጉመው ምን ይወጣል? ያ ነው የወጣው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረውም። እንደ ልማዱ ያችን ቁልፍ ተጭኖ እዚያው ፊደል ማዘዋወር ጀመረ፤ አንዱን ሲያነሣ ሌላው ይወድቃል፣ ስድስት ዓመት ያጠራቀመውን በሦስት ደቂቃ በተነው። ቴክኒሻኑ ሊረዳው ብሎ ሲስተሙን ወደ ዘመናዊው አቀማመጥ መለሰለት። ባንተአምላክ «እሰይ» ብሎ እጁን ሲያሳርፍ የትኛዋን እንደነካ እንጃ፣ ያች የሰላምታዋ ቁልፍ ተይዛ ቀረች። «ከሰላምታ ጋር ከሰላምታ ጋር ከሰላምታ ጋር» እያለች ገጹን ሞልታ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሻገረች። አቶ አካለ ወልድ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«አቶ ባንተአምላክ፣ ደብዳቤውን ሳይጀምሩት ጨረሱት እኮ» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የተሰማው ከጥግ የመጣው የፍሬ ሳቅ ነበር።

እንዲያም ሆኖ አቶ አካለ ወልድ አልጨከኑበትም። ኪቦርዱን ራሳቸው ነቅለው ተራውን ሰኩለት፣ የታይፑንም አቀማመጥ አስመለሱለት። «ይኸው፤ ፊደሉ ሁሉ በ1985 እንደነበረበት ነው። በእጅዎ ይሥሩ» አሉት። የባንተአምላክ ነፍስ ተመለሰች። የጥንቱ! የትክክለኛው! ይህማ ቤቱ ነው። ጣቶቹን አሳረፈ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ መታ። ከሁለት ፊደል አንዱ ስሕተት ሆነ። ደገመ፤ ያው። ጎንበስ ብሎ ቢፈልግ «ሰ» ያለችው እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ «የታይፑ ቦታ» እያለ ሲመታት በኖረበት አልነበረም። ያን ጊዜ በነዚያ ሦስት ወራት ፊደላቱን ሲያዘዋውር ግማሹን በትዝታ ነበር ያስቀመጠው፣ ትዝታውም ግማሹን ስቷል፤ በኋላ ደግሞ ለኤክስፒ፣ ለሊኑክስ እያለ የሸጎጣቸው አሉ። ኪቦርዱ እጁን የተከተለ መስሎት ነበር። እጁ ነው ስሕተቱን ሲከተል የኖረው። በዚያች ቀን ባንተአምላክ በዓለም ላይ በአንዲት ኪቦርድ ብቻ መጻፍ የሚችል ሰው ነበር፤ እሷንም ከአሥር ደቂቃ በፊት በገዛ እጁ አጥፍቷታል።

ውጤት፦ በደቂቃ ዘጠኝ ቃል። ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ኪቦርዱን ከመቀመጫው ሥር ወረወራት፤ ነጠላውን ራሱ ለበሰው።

በማግስቱ ዘሪቱ ዘንድ ሄደ። «ልጄ፣ ያን ያልሽውን አስተካክይልኝ። የኔን አቀማመጥ በየሲስተሙ አድርጊልኝ» አላት። እሷም ምን የት እንደሚሆን ይጻፍልኝ ብላ ወረቀት ሰጠችው። ባንተአምላክ እስክሪብቶውን ይዞ ቁጭ አለ። አንድም ፊደል የት እንደነበረ አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ባዶ ጠረጴዛ ላይ በጣቱ እየመታ «ይቺ... በ ናት። ይቺ... ቆይ...» ይላል። ዘሪቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትንሽ ጠበቀችውና፣

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ ይህን ብሠራልዎ የሚያገለግልዎ እኔ በነካሁት ማሽን ላይ ብቻ ነው። ሞጣ ያለውን ማሽን እኔ አልነካውም። ይልቅ ሁሉም የሚሠራበትን ይልመዱ፤ ያኔ እጅዎ የትም ይሠራል» አለችው። ከዚያ እሷ ራሷ ለስልጠና ባሕር ዳር መሄጃዋ ስለነበር፣ «ፍሬ ታስጠናዎታለች» አለች።

ፍሬ! ባንተአምላክ ተላላኪነቱን ሊመርጥ ምንም አልቀረውም። ፋይል መሸከም ከዚህ ይቀላል። ሁለት ቀን አሰበበት፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ መንገድ ስላጣ ጉሮሮውን ጠርጎ አጠገቧ ቆመ። ገና አፉን ሳይከፍት፣

«ዘሪቱ ነግራኛለች። ምሳ ሰዓት ይምጡ» አለችው።

ሁለት ወር ሙሉ ምሳ ሰዓቱን አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን እንዳያይ በጋዜጣ ትሸፍንበታለች። ኤል «ለ»፣ ኤም «መ»፣ ኤስ «ሰ»፤ እንደ ሕፃን። አንገቱን እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ካዞረ በእርሳስ ጠረጴዛውን ትመታለች፤ «ስክሪኑን ይዩ!» ሲሳሳት «ይድገሙ» ነው። ሲስተካከልለትም «ይድገሙ» ነው። «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ አንድም ቀን ግን አልቀረችም፤ አንድ ደቂቃ ሳታዛንፍ በሰዓቷ ትደርሳለች። የፈለገውን ሁሉ አሳየችው፤ ራሷ ያወጣቻቸውን አቋራጮች ሳይቀር በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ባንተአምላክ ያችን ወረቀት ሲቀበል ፊቷን ማየት አልቻለም። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ቃል ሆነ፣ በወሩ ሃያ አራት፣ በሁለተኛው ወር ማለቂያ ሠላሳ ስምንት። ከሠላሳ ስምንት አልፎ አያውቅም።

ለድጋሚው ፈተና ሞጣ ሲገባ ባዶ እጁን ነበር። አቶ አካለ ወልድ አወቁት፤ ኪቦርድ አለመያዙን አይተው ፈገግ አሉና መዝገባቸውን ገለጡ።

«ከቢቸናዋ ከፍሬ ጋር ነው የሚሠሩት አይደል? አንድ ነገር ይወቁ። የእናንተ ጽሕፈት ቤት በአዲሱ መዋቅር ያለው የዋና ታይፒስት መደብ አንድ ብቻ ነው። ካለፉ በነባርነትዎ ይይዙታል። ከወደቁ ለእሷ ነው፤ ደረጃዋም ከፍ ይላል። ውጤቷ እዚህ ተቀምጦ የእርስዎን ነው የሚጠብቀው።»

«እሷ ይህን ታውቃለች?» አለ ባንተአምላክ።

«ከሁለት ወር በፊት በደብዳቤ ነግረናታል።»

ባንተአምላክ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ የገዛ እድገቷን በእርሳስ እየመታች ነበር «ይድገሙ» የምትለው። መውደቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ዘጠኝ ቃል መትቶ መነሣት፣ ለእሷ መተው። ደግሞ አሰበ፤ ሆን ብሎ ቢወድቅ ያ ሁሉ የምሳ ሰዓት ምን ሊባል ነው? ድካሟን ጥሎባት፣ ደግሞ ለጋስ ሊባል! ያም ያው የድሮው ትዕቢቱ ነው፤ ልብሱን ለውጦ መጣ እንጂ። «ጀምሩ» ተባለ። ስክሪኑን እያየ መታ። አርባ አንድ።

ቢቸና የገባው በማግስቱ በምሳ ሰዓት ነው። ፍሬ ብቻዋን ቢሮ ውስጥ ትጽፋለች። በሩ ላይ ቆመ።

«አርባ አንድ» አላት።

«ጥሩ ነው» አለች፤ መምታቷን አላቆመችም።

«መደቡ አንድ እንደሆነ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስጠናሽኝ?»

ፍሬ የጀመረችውን መስመር ጨረሰች። ከዚያ ቀና አለች።

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ እርስዎ ሲወድቁ ለማየት አምስት ዓመት ተመኝቻለሁ። ሞጣ ላይ አየሁት። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ሰምተውኛል። ቤቴ ስገባ ግን እንዳሰብኩት አልጣመኝም። ሁለተኛ ላየው አልፈለግሁም፤ ይኸው ነው።»

በደቂቃ አርባ አንድ ቃል የመታ ሰው አንዲት ቃል ለማውጣት ያን ያህል ጊዜ ፈጀበት። የሚለው ጠፍቶት አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ የሚያውቃት ቃል ናት።

«ይቅርታ» አላት።

ፍሬ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች፣ ትንሽ ቆይታም አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት።